ጠቅላላ ፌኖል የዕፅን መድኃኒትነት አይለካም፤ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያጋራው አንድ ጽሑፍ አለ። የመድኃኒት ዕፅዋትን ጥንካሬ ለማወቅ አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካ መሣሪያ)፣ ጥቂት ኬሚካልና አንድ የሥራ ቀን ይበቃል ይላል። በቅን ልቦና መጻፉ ያስታውቃል፤ ቋንቋውም ግልጽ ነው፤ በስፋት የተሰራጨውም ለዚህ ይመስለኛል። ሆኖም ምክሩን ተከትሎ የሚሠራ ተማሪ ወይም ምርቱን የሚያስመረምር አምራች የሚያገኘው ቁጥር ያሳስተዋል። የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ ምንም ካለመለካት ይብሳል፤ ሰው ያምነዋልና።

ጽሑፉ ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ በፎሊን-ሲዮካልቶ ዘዴ የሚለካው ጠቅላላ ፌኖል (ፌኖል የተባሉት የዕፅ ውህዶች ድምር) የዕፁን መድኃኒታዊ ይዘት ያሳያል፤ ስለዚህ ውህዶችን ለየብቻ ለይቶ የሚለካውን ኤች.ፒ.ኤል.ሲ.ን የመሰለ መሣሪያ ቅንጦት ነው። ሁለተኛ፣ የአንቲኦክሲዳንት መቶኛው ከፍ ያለ ዕፅ የበለጠ ይፈውሳል። ሦስተኛ፣ ንጥረ ነገሩ ዕፁ ውስጥ ስላለ አደራረቁ ለውጥ አያመጣም፤ ሲወጣም በጋለና በረዘመ ቁጥር የበለጠ ይወጣል። አራተኛ፣ መጠናቸው ከታወቀ ናሙናዎች ንባብ የሚሰመረው የካሊብሬሽን መስመር አር ስኩዌር 0.99 ከደረሰ ውጤቱ የታመነ ነው። አምስተኛ፣ የአንድ ዕፅ ቁጥር አንዴ ከታወቀ በሰንጠረዥ ተይዞ ያገለግላል፤ ገበያ ላይ ያለ ምርትም ቁጥሩ ከሰንጠረዡ ጋር ከገጠመ ትክክለኛ ነው። ማሳረጊያው ስምንት ዕፅዋት ከጠንካራ እስከ ደካማ የተደረደሩበት ሰንጠረዥ ነው።

መነሻው ላይ ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለኝም። ስለ ዕፅ መድኃኒት የሚነገረው ሁሉ በመለኪያ መፈተን አለበት። ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. ውድ መሆኑም እውነት ነው፤ ኮለሙ፣ ንጹሕ አሟሚው፣ ስታንዳርዱ (ለማነጻጸሪያ የሚገዛው ንጹሕ ውህድ) ሁሉ ወጪ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይጀምራል።

«ጠቅላላ ፌኖል ይበቃል»

የፎሊን ሬጀንት (ለመለኪያ የሚጨመረው ኬሚካል) ሞሊብዲነምና ተንግስተን የያዘ ቢጫ ፈሳሽ ነው። ኤሌክትሮን የሚሰጠው ነገር ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ሰማያዊው 765 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ሬጀንቱ ኤሌክትሮን ሰጪን ሁሉ ይቀበላል፤ ፌኖል ይሁን አይሁን አይለይም። ቫይታሚን ሲ ይሰጣል። አልካላይን በሆነው ፈሳሽ ውስጥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰጣሉ። በፕሮቲን ውስጥ ያሉት ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን ይሰጣሉ። ለማቆያ የተጨመረ ሰልፋይትም ይሰጣል። ቫይታሚን ሲና ስኳር የበዛበት ፍሬ በዚህ ዘዴ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያሳይ፣ ከቁጥሩ ውስጥ ምን ያህሉ የፌኖል እንደሆነ ከንባቡ ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዘዴው ጨርሶ የማያያቸው መኖራቸው ነው። ወባን የሚያክመው አርቴሚሲኒን በሞለኪዩሉ ውስጥ አንድም የፌኖል ቡድን የለውም፤ ኃይሉ የተቀመጠው ሁለት ኦክስጅኖች በሠሩት የፐርኦክሳይድ ድልድይ ላይ ነው። ፎሊን ለዚህ ሞለኪዩል ዕውር ነው። አርቴሚሲኒን የሚገኝበት የአርቴሚዥያ አኑዋ ቅጠል ፍላቮኖይድ የተባሉ ፌኖሎች ስላሉት ቁጥር መስጠቱ አይቀርም፤ ግን አርቴሚሲኒኑ ከደረቅ ክብደቱ 1 በመቶ የሆነ ቅጠልና 0.1 በመቶ የሆነ ቅጠል ተመሳሳይ የፌኖል ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ። በመድኃኒትነታቸው ግን መካከላቸው የአሥር እጥፍ ልዩነት አለ። ከሲንኮና ልጣጭ የሚገኘው ኪኒንም ነጻ የፌኖል ቡድን የለውም። ለልብ ሕመም የሚታዘዘው፣ ከዲጂታሊስ ቅጠል የሚወጣው ዲጎክሲንም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ክኒን መጠን 0.125 ወይም 0.25 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ከሚፈለገው ጥቂት ሲያልፍ መርዝ ይሆናል። በሚሊግራም ክፍልፋይ ልብን የሚያዝ ነገር በጽሑፉ መለኪያ እንደሌለ ይቆጠራል። ዲጂታሊስን «ደካማ» ብሎ ሊያስቀምጥ የሚችል ሰንጠረዥ የመድኃኒትነት ሰንጠረዥ ሊባል አይችልም።

ይህ ማለት ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. ያለው ሰው ከስህተት ይድናል ማለት አይደለም። ያው አርቴሚሲኒን አልትራቫዮሌት ብርሃንን እምብዛም ስለማይውጥ በተለመደው 254 ወይም 280 ናኖሜትር ላይ ፒኩን (መሣሪያው ውህዱን ሲያይ የሚያወጣውን ጉብታ) ሲፈልጉ ቢውሉ አይገኝም። ወደ 210 ገደማ መውረድ፣ ያለዚያም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከዚያም በአሲድ አሠርቶ 260 ላይ ወደሚነበብ ውህድ መለወጥ ወይም በማስ ስፔክትሮሜትር ማንበብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሞለኪዩሉ ይታወቃል፤ መሣሪያው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጽሑፉ መሣሪያውን አስቀድሞ ዕፁን ሁሉ በእሱ ልክ ሰፋው።

ፎሊን በቦታው ጠቃሚ ዘዴ መሆኑን ግን አልክድም። የአንድን ዕፅ ምርት ከራሱ ምርት ጋር፣ በአንድ ዓይነት አወጣጥ፣ በአንድ ላቦራቶሪ ለማነጻጸር ርካሽና ፈጣን ነው። ጽሑፉ ግን አሠራሩን በሦስት መስመር ስላለፈው ማሟላት ያሻል። ለሻይ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ መመዘኛ አይ.ኤስ.ኦ. 14502-1 ለሌላውም ጥሩ መነሻ ይሆናል፦ 1 ሚሊሊትር የቀጠነ ናሙና፣ 5 ሚሊሊትር አሥር እጥፍ የቀጠነ የፎሊን ሬጀንት፣ ከዚያም ከ3 እስከ 8 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ 4 ሚሊሊትር 7.5 በመቶ ሶዲየም ካርቦኔት፤ በክፍል ሙቀት 60 ደቂቃ አቆይቶ 765 ላይ ማንበብ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ሬጀንቱ በአልካላይን ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ካርቦኔቱ ከቀደመ ከናሙናው ጋር ሳይገናኝ መፍረስ ይጀምራልና ንባቡ ያንሳል። ከ60 ደቂቃ በኋላ ፈሳሹ ደፍርሶ ከታየ ሴንትሪፉጅ ይደረግ፤ ድፍርሱ ብርሃን ስለሚበትን መሣሪያው እንደ ቀለም ቆጥሮ ይደምረዋል። አብሶርባንሱ (የተዋጠው ብርሃን ልክ) 2 ያሳየ ናሙናም እንዳለ አይጻፍ። 2 ማለት ከገባው ብርሃን ያለፈው 1 በመቶ ብቻ ነው፤ አቅጥኖ ከ0.1 እስከ 1 ወዳለው ክልል ማምጣት ይገባል።

ስለ «ጠቅላላ ፍላቮኖይድ» የተጻፈውም ተመሳሳይ ጉድለት አለበት። በአሉሚኒየም ክሎራይድ ዘዴ 415 ናኖሜትር ላይ የሚታየው ቢጫ በአብዛኛው የፍላቮኖልና የፍላቮን ነው። ካቴኪኖችና ፍላቫኖኖች እዚያ ላይ እምብዛም አይታዩም። በካቴኪን የበለጸገ አረንጓዴ ሻይ በዚህ ዘዴ ፍላቮኖይድ ያነሰው መስሎ ቢታይ ጥፋቱ የቅጠሉ አይደለም።

«አንቲኦክሲዳንቱ ከፍ ያለ የበለጠ ይፈውሳል»

በሰንጠረዡ ውስጥ ከስምንቱ አምስቱ በዲ.ፒ.ፒ.ኤች. ከ90 በመቶ በላይ እንዳሳዩ ተጽፏል። በምን ያህል መጠን እንደተለኩ ግን አልተጻፈም። ዲ.ፒ.ፒ.ኤች. ወይንጠጅ ቀለም ያለው ራዲካል ነው፤ 0.1 ሚሊሞላር ሆኖ በሜታኖል ይሟሟል፤ ከናሙናው ጋር 30 ደቂቃ በጨለማ ቆይቶ የቀረው ቀለም 517 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። ቀለሙን ለማጥፋት የሚያስፈልገው መጠን ከታለፈ በኋላ የቱንም ያህል ቢጨመር የጠፋው ቀለም መቶኛ ከ90 እስከ 95 ላይ ይቆማል። አንዱ በ20 ማይክሮግራም፣ ሌላው በ500 ማይክሮግራም እዚያ ቢደርስ፣ በሰንጠረዡ ሁለቱም «92 በመቶ» ተብለው እኩል ይቀመጣሉ። መነጻጸር ያለበት ግማሹን ቀለም የሚያጠፋው መጠን ነው፤ ለዚህም ቢያንስ አምስት የተለያዩ መጠኖች ይለካሉ፤ ቁጥሩ ሲያንስም ናሙናው የበረታ ነው። ናሙናው የራሱ ቀለም ካለው ደግሞ ዲ.ፒ.ፒ.ኤች. ሳይጨመርበት ለብቻው ተነብቦ ይቀነሳል፤ ካልተቀነሰ ቀለማሙ ኤክስትራክት (ከዕፁ በአሟሚ የወጣው) ያለ ጥፋቱ ደካማ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳ ከሙከራ ቱቦ ወደ ሰውነት የሚወስደው ድልድይ ገና አልተሠራም። ሞለኪዩሉ በአንጀት ይመጠጣል ወይ? በጉበት ተለውጦ ምን ይሆናል? ደም ውስጥ ምን ያህሉ ይደርሳል? የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ኦራክ የተባለውን የአንቲኦክሲዳንት ሰንጠረዥ በ2012 እ.ኤ.አ. ከድረ ገጹ ያነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሮቹ በሰው ጤና ላይ ከሚታየው ውጤት ጋር እንደማይገናኙ ማስረጃው ሲበዛ፣ ሻጮችም ለማስታወቂያ ሲጠቀሙባቸው፣ ሰንጠረዡ ተነሣ። የእኛ ጸሐፊ አሁን የሚመክረው ያንኑ ዓይነት ሰንጠረዥ ነው።

«አደራረቁ ለውጥ አያመጣም፤ በጋለ ቁጥር ይበልጥ ይወጣል»

ከአምስቱ ነጥቦች ብዙ ሥራ የሚያበላሸው ይህ ነው፤ ስህተቱ የሚፈጸመው ናሙናው መሣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት ነውና ማንም አያየውም።

አረንጓዴ ሻይና ጥቁር ሻይ ከአንድ ዕፅ ቅጠል የሚሠሩ ናቸው። ለአረንጓዴው ቅጠሉ እንደተለቀመ በእንፋሎት ወይም በጋለ ምጣድ ይመታል፤ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ይሞትና ካቴኪኑ ይተርፋል። ለጥቁሩ ቅጠሉ ተጨፍልቆ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ኢንዛይሙ ካቴኪኑን ወደ ቴአፍላቪንና ወደ ሌሎች ቀይ ቡናማ ውህዶች ይለውጠዋል። ልዩነቱ ያለው በአያያዙ ብቻ ነው፤ ውህዶቹ ግን ሌላ ሆነዋል። በፌስታል ታፍኖ ከእርሻ ወደ ላቦራቶሪ የመጣ እርጥብ ቅጠልም ሳይፈለግ በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ሲደርስ ጠቁሮ የሚታየው ለዚህ ነው።

ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው። ሳይነካ በነበረ ፍልቃቂ ውስጥ አሊሲን የለም ማለት ይቻላል። ያለው አሊን ነው፤ ሲፈጭ ወይም ሲቆረጥ አሊኔዝ ከተባለው ኢንዛይም ጋር ይገናኝና በሴኮንዶች ውስጥ አሊሲን ይፈጠራል። ሳይቆረጥ ወደ ፈላ ውኃ የገባ ሽንኩርት ኢንዛይሙ ይሞታል፤ አሊሲን አይገኝበትም። ስለዚህ «ንጥረ ነገሩ ዕፁ ውስጥ አለ» የሚለው ራሱ ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ አንዳንዱ የሚወለደው በእኛ እጅ ነው።

ስለ ሙቀት ከተነሣ የአርቴሚሲኒን ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣል። በ1971 እ.ኤ.አ. ቱ ዩዩ የምትመራው ቡድን ውጤት ያገኘው ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ፣ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በሚፈላው ኢተር ካወጣ በኋላ ነበር፤ በጋለ አወጣጥ የተገኘው ኤክስትራክት ግን ውጤቱ ደካማና የማያስተማምን ነበር። ያ ሥራ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ከጸሐፊው ጋር የምስማማበትም አለ፤ ጠንካራ ልጣጭና ሥር ሲፈላ ከቀዝቃዛ ዝፍዝፍ ይልቅ ብዙ ይሰጣል፤ ሶክስሌት የተባለው መሣሪያ ዱቄቱን ለሰዓታት በአሟሚ የሚያጥበውም ለዚህ ነው። ሙቀት የማይፈሩ ውህዶች ላይ ይህ ያስኬዳል። ሽታ ያላቸው ዘይቶች ላይ ግን ክፍት ድስት ማለት ዘይቱን ለአየር መስጠት ነው፤ እነሱ በክሌቨንጀር መሣሪያ በእንፋሎት ተጣርተው መጠናቸው በሚሊሊትር ይነበባል፤ ዝርዝራቸው በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይታያል።

ለአብዛኛው የፌኖል ሥራ የሚያስኬደው መንገድ ይህን ይመስላል። ቅጠሉ በጥላ ወይም ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ማድረቂያ ይደርቃል፤ ይፈጫል፤ ሁሉም 0.5 ሚሊሜትር ወንፊት እስኪያልፍ ይነፋል። ያላለፈው አይጣልም፣ እንደገና ይፈጫል፤ ወንፊት ላይ የሚቀረው ደም ሥሩና ግንዱ ስለሆነ እሱን መጣል ናሙናውን መለወጥ ነው። 0.5 ግራም ተመዝኖ በ70 በመቶ ሜታኖል ይወጣል፤ ንጹሕ ሜታኖል የደረቀን ዱቄት እንደ ውኃ አያሳብጠውም፤ ንጹሕ ውኃ ደግሞ ከፌኖሉ ይልቅ ስኳርና ፕሮቲን ያወጣል። በአልትራሳውንድ 30 ደቂቃ ሲቆይ ገንዳው ራሱ ስለሚሞቅ ቴርሞሜትር ይግባበት፤ በረዶ ጣል ማድረግ ይበቃል።

ማውጣቱ መጠናቀቁ የሚታወቀው በሰዓት ብዛት አይደለም። ያንኑ ዱቄት ሦስት ጊዜ በአዲስ አሟሚ ማውጣትና እያንዳንዱን ለየብቻ መለካት ነው። የመጀመሪያው በግራም 8.2፣ ሁለተኛው 1.4፣ ሦስተኛው 0.3 ሚሊግራም ቢሰጡ ድምሩ 9.9 ነው፤ አንዴ አውጥቶ የጨረሰ ሰው 17 በመቶውን ከዱቄቱ ጋር ጥሎታል። ሦስተኛው አሁንም ከፍ ያለ ከሆነ አሟሚው ወይም የዱቄቱ ልክ ይስተካከል እንጂ እሳቱ አይጨመር።

ሁለት ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ያጎድላሉ። በሙቅ አወጣጥ ጊዜ ከ25 ሚሊሊትር 2ቱ ቢተን የቀረው ፈሳሽ በ9 በመቶ ገደማ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ከነፈሳሹ በፊትና በኋላ ይመዘንና የጎደለው በዚያው አሟሚ ይሞላል። ሁለተኛው ማጣሪያው ነው። የናይለን ማጣሪያ ፖሊፌኖልን ይይዛል፤ ወደ ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. የሚገባ ናሙና በፒ.ቲ.ኤፍ.ኢ. ወይም በፒ.ቪ.ዲ.ኤፍ. ይጣራ፤ የመጀመሪያው 1 ሚሊሊትርም ይደፋ።

«አር ስኩዌር 0.99 ከሆነ ቁጥሩ የታመነ ነው»

አር ስኩዌር የሚናገረው ነጥቦቹ በመስመሩ ላይ መሰለፋቸውን ብቻ ነው። መስመሩ ራሱ የቆመበት ቦታ ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም። አንድ ቀላል ማስረጃ አለ። በፎሊን ዘዴ እንደ ስታንዳርድ የሚያገለግለው ጋሊክ አሲድ በሁለት መልክ ይሸጣል፤ ውኃ የሌለበት የሞለኪዩል ክብደቱ 170.12 ነው፤ አንድ የውኃ ሞለኪዩል የያዘው 188.13 ነው። ባለ ውኃውን 10 ሚሊግራም መዝኖ እንደ ደረቁ የቆጠረ ሰው በእርግጥ የመዘነው 9.04 ሚሊግራም ጋሊክ አሲድ ነው። ስድስቱም ነጥቦች በእኩል ተሳስተዋልና መስመሩ ቀጥ ብሎ 0.9998 ይሰጣል፤ የናሙናው ቁጥር ግን በሙሉ 10.6 በመቶ ከእውነቱ በላይ ሆኗል። ለፍላቮኖይድ ስታንዳርድ የሚሆነው ኩዌርሴቲንም ሁለት ውኃ ይዞ ስለሚሸጥ ስህተቱ ወደ 12 በመቶ ይደርሳል። መፍትሔው የጠርሙሱን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብና ንጽሕናውን ከምስክር ወረቀቱ ወስዶ በስሌቱ ማባዛት ነው።

ስሌቱንም ራሱን እንየው። 0.5000 ግራም ዱቄት በ25 ሚሊሊትር ወጣ፤ አሥር እጥፍ ቀጠነ፤ ከመስመሩ የተነበበው በሚሊሊትር 20 ማይክሮግራም ሆነ። 20 ሲባዛ በ10፣ ሲባዛ በ25፣ 5000 ማይክሮግራም ወይም 5 ሚሊግራም ይሆናል፤ ለ0.5 ግራም ሲካፈል በግራም 10 ሚሊግራም ነው። ዱቄቱ 9 በመቶ እርጥበት ካለው ደረቁ ክብደት 0.455 ግራም ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር 11.0 ነው። ስታንዳርዱ ከላይ እንዳልነው በስህተት የተመዘነ ከሆነ ደግሞ ወደ 9.9 ይወርዳል። በጽሑፉ ሰንጠረዥ ስለ እርጥበት አንድ ቃል የለም፤ ስለዚህ አንዱ ዕፅ ከሌላው በ1 ሚሊግራም መብለጡ የደረቅነት ልዩነት ብቻ ሊሆን ይችላል። እርጥበት ሲለካም በ105 ዲግሪ አድርቆ ክብደቱ እስኪጸና መመዘን ለብዙው ያገለግላል፤ ዘይት ያለው ዕፅ ግን በዚያ ሙቀት ዘይቱንም ያተናል፤ ዘይቱ እንደ ውኃ ይቆጠራል። ለእነሱ ከቶሉዊን ጋር አፍልቶ ውኃውን ለብቻ መለየት ወይም ካርል ፊሸር የተባለው የውኃ መለኪያ ዘዴ ነው የሚሻለው።

ቁጥር መታመን አለመታመኑን የሚፈትነው አንዱ መንገድ መጠኑ የታወቀ ስታንዳርድ ወደ ዱቄቱ ጨምሮ መልሶ ማግኘት ነው። በግራም 10 ሚሊግራም የሰጠ ዱቄት ላይ 5 ሚሊግራም ጨምረን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳለ ሠርተን 12.9 ብናገኝ፣ ከጨመርነው የተመለሰው 58 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው በማጣሪያው፣ በሙቀቱ ወይም በዱቄቱ ውስጥ ጠፍቷል፤ የመጀመሪያው 10ም በዚያው ልክ ሳይጎድል አልቀረም። አር ስኩዌሩ ግን በዚህ ሁሉ መሀል 0.999 ሆኖ ይቀመጣል።

«ቁጥሩ ከገጠመ ምርቱ ትክክለኛ ነው»

የአርቴሚዥያ ቅጠል ከማበቡ በፊት የተለቀመና ካበበ ከሳምንታት በኋላ የተለቀመ አንድ አይደለም። ቲም የተባለው ዕፅ ደግሞ በመልክ አንድ ሆኖ አንዱ ዘር ቲሞል፣ ሌላው ካርቫክሮል፣ ሌላው ሊናሎል የሚበዛበት ዘይት ይሰጣል። ስለዚህ «የዚህ ዕፅ ቁጥር ይህ ነው» ከማለት በፊት የትኛው ዘር፣ የትኛው ክፍል፣ መቼ የተለቀመ የሚለው ይቀድማል፤ ናሙናውም በደረቀ ቅርንጫፍ መልክ በዕፅዋት ማኅደር ይቀመጣል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የመግጠም ነገር ነው። አታላይ ሰው የሚዘጋጀው ለሚጠቀሙበት መለኪያ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርመራ እንዳሳየው 25 በመቶ አንቶሳያኒን (የፍሬው ተፈጥሯዊ ቀለም) አለው ተብሎ የተሸጠ የቢልቤሪ ፍሬ ኤክስትራክት አማራንት የተባለ ሰው ሠራሽ ቀይ ቀለም ተጨምሮበት ተገኝቷል። በአንድ የሞገድ ርዝመት ቀይነትን ብቻ የሚያነበው ስፔክትሮፎቶሜትር ዱቄቱን አሳልፎታል፤ ያጋለጠው ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. ነው። በጽሑፉ ዘዴ ያ ምርት «ከሰንጠረዡ ጋር የገጠመ» ይባል ነበር። ጊንጎ የተባለው ዕፅ ላይም እንዲሁ ነው፤ መለኪያው ኤክስትራክቱን በአሲድ ሰብሮ ኩዌርሴቲን፣ ኬምፕፌሮልና አይሶራምኔቲንን መደመር ስለሆነ፣ በአሲድ ሲሰበር ኩዌርሴቲን የሚሰጠውን ርካሹን ሩቲን የጨመረ ሻጭ ድምሩን ይሞላል። ሦስቱን ፒኮች ለየብቻ ያየ ግን ኩዌርሴቲኑ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ከተለመደው በላይ መብዛቱን ይለያል።

ማንነት ሳይረጋገጥ ቁጥር ላይ መሮጥ ሕይወት ያስከፍላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ በተዘጋጁ ክኒኖች ውስጥ ስቴፋኒያ ቴትራንድራ መግባት ሲገባው፣ በቻይንኛ ስማቸው ስለሚቀራረብ አሪስቶሎኪያ ፋንግቺ ገብቶ፣ በአሪስቶሎኪክ አሲድ ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ። የእነዚያን ክኒኖች ጠቅላላ ፌኖል ቢለኩ ኖሮ ቁጥሩ ምንም አይነግራቸውም ነበር።

ወጪው ለሚከብደው ላቦራቶሪ ጸሐፊው የዘለለው መካከለኛ መንገድ አለ፤ እሱም ውህዶችን በስስ ሳህን ላይ የሚለየው ቲ.ኤል.ሲ. ነው። የሲሊካ ጄል ሳህን፣ የመስተዋት ማሰሮና የአልትራቫዮሌት መብራት ይበቁታል። ለምሳሌ እርድ በሜታኖል ወጥቶ ከታወቀ የእርድ ናሙናና ከኩርኩሚን (የእርድ ዋና ቢጫ ውህድ) ስታንዳርድ ጎን ጥቂት ማይክሮሊትር ይንጠባጠባል፤ 95 ክሎሮፎርም ለ5 ሜታኖል በሆነ ድብልቅ፣ ጭስ ማስወጫ ባለበት ቦታ፣ ሳህኑ ይወጣል። እውነተኛ እርድ ሦስት ቢጫ ነጠብጣቦች ያሳያል፤ ከላይ ኩርኩሚን፣ ከሥሩ ዴሜቶክሲኩርኩሚን፣ ዝቅ ብሎ ቢስዴሜቶክሲኩርኩሚን፤ 366 ናኖሜትር መብራት ላይ ያበራሉ። ሰው ሠራሽ ኩርኩሚን ብቻውን ከቀረበ የሚታየው አንዱ የላይኛው ብቻ ነው። ሜታኒል የሎው የተባለ ሰው ሠራሽ ቢጫ ቀለም የተቀባ ዱቄት ደግሞ ከመነሻው መስመር አካባቢ የማይነቃነቅ ቢጫ ይተዋል፤ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ ሲነካው ወደ ወይንጠጅ ቀይ ይለወጣል። ሦስቱንም ዱቄቶች 425 ናኖሜትር ላይ ያነበበ ስፔክትሮፎቶሜትር ግን ያየው ቢጫ ብቻ ነው።